ከርነሉ ስለ ፕሪንተሩ የሚያውቀው አምስት ሽቦ ብቻ ነው

የሊኑክስን የሲስተም ሎግ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው አንድ ቀን «ኤልፒ0 ኦን ፋየር» የሚል መስመር ሊያጋጥመው ይችላል። ፕሪንተሩ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ዘወር ብሎ ሲያየው ግን ጭስም የለ፣ እሳትም የለ። ፕሪንተሩ መብራቱን አብርቶ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

ቀልድ ይመስላል። ግማሹም ቀልድ ነው። መልእክቱ ግን ከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ፣ የምር የተጻፈ ነው፤ የሚወጣበትም ምክንያት አለው። ፕሪንተሩ በአንድ ሽቦ «ችግር አለብኝ» ይላል። ከርነሉ «ወረቀት አልቆበት ይሆን?» ብሎ ሌላውን ሽቦ ያያል። አላለቀም። «ኦፍላይን ሆኖ ይሆን?» ብሎ ሦስተኛውን ያያል። አልሆነም። ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው ሽቦ የለውም። ወረቀት አለው፣ ኦንላይን ነው፣ ግን ችግር አለብኝ ይላል። እንግዲያማ እየተቃጠለ መሆን አለበት!

ይህቺን መስመር የምወዳት የከርነሉን የእውቀት ልክ ስለምታሳይ ነው። ከርነሉ ስለ ፕሪንተር ምንም አያውቅም ብል አላጋነንኩም። ቀለም ይሁን ጥቁርና ነጭ፣ ሌዘር ይሁን በመርፌ የሚመታ፣ አያውቅም። የሚያውቀው ሽቦዎቹን ነው። የፓራለል ፕሪንተር ድራይቨር ማስተካከል የሚባለው ነገር ሁሉ፣ ሽቦዎቹ የት እንዳሉና እንዴት እንደሚያዳምጣቸው ለከርነሉ መንገር ነው። ይህንን ከያዛችሁ የቀረው ጣጣ መልክ ይይዝላችኋል።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። የትእዛዝና የፋይል ስሞችን ስንጠራቸው እንደሚሰሙት በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ኪቦርድ ላይ ስትሞክሯቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው።

ሁለቱ «ድራይቨር»

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ የለመደ ሰው «የፕሪንተር ድራይቨር» ሲል የፕሪንተሩን ሞዴል የሚያውቅ ሶፍትዌር ማለቱ ነው። በዩኒክስ ዘመዶች ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ሰነዱን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ፣ ወደ ፖስትስክሪፕት ወይም ፒሲኤል፣ የሚለውጠው ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም ነው። ዛሬ አብዛኛው ቦታ ይህንን የሚያስተባብረው ካፕስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር ግን የተሰጠውን ባይት በሽቦ ከማሳለፍ ውጭ ሥራ የለውም። ፖስታ አመላላሽ በሉት፤ ደብዳቤውን ከፍቶ አያነብም።

ስለዚህ ፕሪንተራችሁ ገጽ ሙሉ ዝብርቅርቅ ምልክት ካወጣ ከርነሉን አትውቀሱ። ባይቱ ደርሷል፤ የተላከበት ቋንቋ ነው የተሳሳተው። ከርነል እንደገና ልገንባ ብላችሁ ሌሊቱን ብታነጉ ድካሙ ነው የሚተርፋችሁ። ጭራሽ ምንም ካልወጣ፣ ወይም አንድ መስመር አውጥቶ ሁለት ደቂቃ ካሰበ ግን ወደ ከርነሉ መውረድ ይገባል።

አንዲት ፊደል እንዴት እንደምትሻገር

ነገሩ የሚጀምረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ሴንትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ሞዴል 101 የሚባል ፕሪንተር ሠራ። ፕሪንተሩን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም ማለት ይቻላል። የኬብሉ አሠራር ግን ከሱ ተርፎ ቀረ። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ይህንኑ አሠራር ወሰደ። ፕሪንተሩ ጫፍ ላይ ባለ36 ፒኑ ሶኬት እንዳለ ቆየ፤ ኮምፒውተሩ ጫፍ ላይ ግን ባለ25 ፒን ሆነ።

ከ25ቱ ፒኖች 8ቱ ዳታ ይሸከማሉ። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ባይቱ ባንዴ ይሻገራል። ፓራለል የተባለውም ለዚህ ነው። ቢቶቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አንድ ባንድ አይሰለፉም። 4ቱ ኮምፒውተሩ ለፕሪንተሩ የሚያዝባቸው ናቸው። 5ቱ ፕሪንተሩ የሚመልስባቸው ናቸው፦ ሥራ ይዣለሁ፣ ተቀብያለሁ፣ ወረቀት አልቋል፣ ኦንላይን ነኝ፣ ችግር አለ። ቀሪዎቹ 8 ፒኖች ግራውንድ ናቸው።

ሲፒዩው ይህን ሁሉ የሚያየው እንደ ሦስት ትንንሽ ሳጥን ነው። ሬጅስተር ይባላሉ። ፖርቱ፣ ማለትም ኬብሉ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካበት በር፣ አድራሻው 378 ላይ ካለ፣ 378 የዳታው፣ 379 የፕሪንተሩ መልስ፣ 37ኤ ደግሞ የማዘዣው ሳጥን ነው። ቁጥሮቹ ሄክሳዴሲማል ናቸው፤ ከ9 ቀጥሎ 10 ሳይሆን ኤ ይመጣል።

አሁን ትልቋን የላቲን ኤ እንላክ። በአስኪ ቁጥሯ 65 ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ 379ን ያነባል። ሥራ ይዘሃል? አልያዝኩም። 65ን 378 ላይ ይጽፋል። ስምንቱ ሽቦዎች ላይ ቮልቴጁ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ፕሪንተሩ ግን ገና አልነካውም። ሽቦው ላይ ያለው አዲስ ባይት ይሁን የቅድሙ፣ የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ድራይቨሩ ለቅጽበት ይታገስና 37ኤ ላይ ጽፎ ስትሮብ የሚባለውን ሽቦ ቢያንስ ለግማሽ ማይክሮሰከንድ ዝቅ ያደርገዋል። «አሁን ውሰድ» ማለት ነው። ፕሪንተሩ ባይቱን ይወስድና «ሥራ ይዣለሁ» የሚለውን ሽቦ ያነሣል። ባይቱን ማስቀመጫው ውስጥ ሲከት ደግሞ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ብልጭ አድርጎ የሥራ ሽቦውን ይለቃል። አንዲት ፊደል ሄደች። አንድ ገጽ ላይ 3000 ፊደል ካለ፣ ይኸው ልውውጥ 3000 ጊዜ ነው።

በነገራችን ላይ «ሥራ ይዣለሁ» የሚለው ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ የሚነበበው ተገልብጦ ነው። 1 ከሆነ ፕሪንተሩ ነጻ ነው፣ 0 ከሆነ ሥራ ይዟል። የራሱን ድራይቨር ልጻፍ ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚወድቀው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

የት ነው ያለኸው?

ለከርነሉ የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር አድራሻ ነው። በፒሲ ዓለም የታወቁት ሦስት ናቸው፦ 3ቢሲ፣ 378 እና 278። 3ቢሲ የመጣው ከአይቢኤም የጥቁርና ነጭ ስክሪን ካርድ ጋር ነው። ያ ካርድ የፕሪንተር ፖርትም ነበረው። ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ፖርት ሲፈልግ በዚሁ ቅደም ተከተል ያስሳል፣ መጀመሪያ ላገኘው አንደኛ የሚል ስም ይሰጣል። ማዘርቦርድ ላይ ያለ ፖርት አብዛኛውን ጊዜ 378 ላይ ነው የምታገኙት።

ይህ ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ጉድ አፍልቷል። የድሮው ሊኑክስ ስም የሚሰጠው በአድራሻ ነበር። 3ቢሲ ላይ ያለው ኤልፒ0፣ 378 ላይ ያለው ኤልፒ1፣ 278 ላይ ያለው ኤልፒ2። የአብዛኛው ሰው ፖርት 378 ላይ ስለነበረ ፕሪንተሩን የሚያውቀው ኤልፒ1 ብሎ ነው። በ1999 ከርነል 2.2 ሲወጣ ግን አሠራሩ ተቀይሮ መጣ። ስም በአድራሻ መሆኑ ቀረ፤ መጀመሪያ የተገኘው ኤልፒ0 ሆነ። ከርነሉን ያሻሻለ ሰው ፕሪንተሩ ድንገት ጠፋበት። ኬብሉ እንደተሰካ ነው፣ ፕሪንተሩም እንደበራ ነው፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። የቆየ መመሪያ ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኤልፒ1 የሚል ስታዩ ቆም በሉ።

ዛሬ ተጨማሪ ካርድ ገዝተው የሚሰኩ ሰዎች ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። ፒሲአይ በሚባለው ማስገቢያ የሚገባ ካርድ አድራሻው ሲስተሙ በመረጠው ቦታ ስለሚመደብ ከሦስቱ አንዱ አይሆንም። ሊኑክስ የሚያውቀው ቺፕ ከሆነ ራሱ ያገኘዋል። እናንተ «አይ፣ 378 ነው» ብላችሁ በግድ ከጻፋችሁለት ግን ሰው የሌለበትን ቤት ሲያንኳኳ ይውላል።

ማን ማንን ይጠራል?

ሁለተኛው ነገር፣ በእኔ አስተያየት የመከራው ሁሉ ምንጭ፣ ኢንተራፕት ነው።

ድራይቨሩ ፕሪንተሩ ነጻ መሆኑን የሚያውቅበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፖሊንግ ነው። 379ን ያነባል፣ ገና ነው፣ እንደገና ያነባል፣ ገና ነው። በየደቂቃው በር እያንኳኳ «ጨረስክ?» እንደሚል ሰው። ያሰለቻል፤ የሲፒዩ ጊዜም ይበላል። ግን ይሠራል። ሁለተኛው ኢንተራፕት ነው። «ስትጨርስ ጥራኝ» ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ፕሪንተሩ «ተቀብያለሁ» ሲል ሽቦው ሲፒዩውን ይቀሰቅሳል። ንጹህ አሠራር ነው፤ ጥሪው ከደረሰ።

ችግሩ ጥሪው ሁልጊዜ አለመድረሱ ነው። ለ378 የተለመደው የኢንተራፕት ቁጥር 7፣ ለ278 ደግሞ 5 ነው። በድሮዎቹ ማሽኖች እነዚህን ቁጥሮች የሚመኝ ሌላም አለ፤ ሳውንድ ካርዶች 5ንም 7ንም ይወዱ ነበር። አይኤስኤ በሚባለው አሮጌ ባስ (ካርዶች የሚሰኩበት መስመር) ላይ ሁለት ካርድ አንድ ቁጥር ይዞ በሰላም አይኖርም። በዚያ ላይ 7 ቁጥር የራሱ አመል አለው። የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው ቺፕ ጠሪው ማን እንደሆነ ሳይለይ ጥሪው ከጠፋበት፣ ጥሪውን በ7 ቁጥር ስም ያስተላልፋል። ማንም ሳይጠራው 7 ቁጥር ይጮኻል ማለት ነው።

እኔ ራሴ አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። ፕሪንተሩ ያትማል፣ ግን አያትምም ከማለት አይሻልም። ጥቂት ፊደል ያወጣና ይቆማል። ብዙ ሰከንድ ቆይቶ ደግሞ ጥቂት ፊደል። ኬብል ቀየርኩ፣ ፕሪንተር ቀየርኩ። ለካስ ካርዱ ላይ ያለው የኢንተራፕት መምረጫ ጀምፐር ወልቋል። ድራይቨሩ ባይት ልኮ ጥሪ ይጠብቃል፣ ጥሪው ግን መንገድ የለውም። ሲሰለቸው በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ያይና፣ ነጻ መሆኑን ሲያውቅ ትንሽ ይልክና እንደገና ይተኛል። ወደ ፖሊንግ ስቀይረው ገጹ ዝርግፍ ብሎ ወጣ። ይህን ምልክት በደንብ ያዙት፦ እየተንተባተበ የሚያትም ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ ያልደረሰ ኢንተራፕት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው። በፖሊንግ ጀምሩ። ከሠራ አድራሻውም፣ ኬብሉም፣ ፕሪንተሩም ደህና ናቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተራፕቱን ሞክሩ። የዛሬ ሲፒዩ ላይ ልዩነቱ ብዙም ስለማይሰማ፣ እዚያው ፖሊንግ ላይ ብትቀሩም የሚከስሳችሁ የለም።

በአንድ ፖርት ላይ ብዙ ተከራይ

ድሮ ነገሩ አጭር ነበር። አንድ ፖርት፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ድራይቨር። ከዚያ ሰዎች በዚሁ ፖርት ዚፕ ድራይቭ (ተነቃይ ዲስክ ማንበቢያ)፣ ስካነር፣ ሁለት ኮምፒውተር የሚያገናኝ ኬብል ሳይቀር መሰካት ጀመሩ። ዚፕ ድራይቩ ደግሞ ከጀርባው ሌላ ሶኬት ነበረው፤ ፕሪንተሩ በሱ በኩል ይሰካል። አሁን ፖርቱን ሁለት ድራይቨር ይፈልገዋል። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ከጻፉበት ውጤቱ የጨረባ ተስካር ነው።

መፍትሔው ድራይቨሩን በንብርብር መክፈል ሆነ። ታች ያለው ቺፑን ያውቃል። መሐል ያለው ተራ አስከባሪ ነው፤ ፖርቱን ለአንዱ ይሰጣል፣ ሲጨርስ ይቀበላል። ላይ ያለው ፕሪንተሩን ያናግራል። ሊኑክስ ላይ ታች ያለው ፓርፖርት_ፒሲ፣ መሐል ያለው ፓርፖርት፣ ላይ ያለው ኤልፒ ይባላል። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሌላው የዩኒክስ ዘመድም ከ3.0 ጀምሮ በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፦ ታች ፒፒሲ፣ መሐል ፒፒባስ፣ ላይ ኤልፒቲ። ይሄ ፒፒሲ የፓራለል ፖርት ቺፕሴት ማለት ነው፤ ፓወር ፒሲ ከሚባለው ፕሮሰሰር ጋር በዘርም አይገናኝም።

ሦስቱም ንብርብር ከሌሉ ፕሪንተር የለም። አንዱ ጎድሎ ሌሎቹ መኖራቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው።

እስቲ እንጻፈው

ለመማር የሚመቸው የኦፕንቢኤስዲና የኔትቢኤስዲ አጻጻፍ ነው፤ ነገሩ ሁሉ በአንድ መስመር ስላለ። የከርነሉ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ እንዲህ ይላል፦

ኤልፒቲ0 አት አይኤስኤ? ፖርት 0ኤክስ378 አይአርኪው 7

ቃል በቃል እናንብበው። ኤልፒቲ0 የሚሰጠው ስም ነው። አይኤስኤ ከሚባለው ባስ ላይ ፈልገው፤ የጥያቄ ምልክቱ ከአይኤስኤ ባሶች የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም ማለት ነው። 0ኤክስ የሚለው ቅጥያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሄክሳዴሲማል እንደሆነ ይናገራል። አይአርኪው 7 የኢንተራፕቱ ቁጥር ነው። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ይህን ለመቀየር ከርነል እንደገና መገንባት እንኳ አያስፈልግም። ማሽኑ ሲነሣ ቡት ፕሮምፕቱ ላይ «ቡት -ሲ» ብትሉ ኮንፊጉን እዚያው ታስተካክላላችሁ።

ኦፕንቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ ፖሊንግን ከኢንተራፕት የሚለዩበትም ዘዴ ደስ ይላል። ለአንዱ ፖርት ሁለት ስም ሰጥተውታል። /ዴቭ/ኤልፒቲ0 ብላችሁ ከከፈታችሁት በኢንተራፕት፣ /ዴቭ/ኤልፒኤ0 ካላችሁት በፖሊንግ ይሠራል። ምንም ሳትቀይሩ፣ ምንም ሳታስነሡ፣ የፋይል ስም በመለወጥ ብቻ ሁለቱን ታወዳድራላችሁ። የሌሎቹም እንደዚህ ቢሆን እላለሁ።

ፍሪቢኤስዲ ላይ ኮንፊጉ ውስጥ የሚገቡት ሦስት መስመሮች ናቸው፦ ዲቫይስ ፒፒሲ፣ ዲቫይስ ፒፒባስ፣ ዲቫይስ ኤልፒቲ። ጄነሪክ የሚባለውን ከርነል የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ መኖራቸውን እዩ፤ ካሉ አትድከሙ። አድራሻና ኢንተራፕት የሚጻፉት ግን እዚያ አይደለም፤ /ቡት/ዲቫይስ.ሂንትስ የሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ስሙ እንደሚለው ጥቆማ ነው፦ ሂንት.ፒፒሲ.0.አይአርኪው="7"። ማሽኑ ሲነሣ ይህን ያነባል፤ ከርነል መገንባት የለም። ፍላግ የሚባል ቁጥር ጨምራችሁም ቺፑን በአንድ ሞድ እንዲቆይ ማስገደድ ትችላላችሁ።

እየሠራ ያለ ማሽን ላይ ለመቀያየር ደግሞ ኤልፒቲኮንትሮል አለ። -ፒ ካላችሁት ወደ ፖሊንግ፣ -አይ ካላችሁት ወደ ኢንተራፕት ይዞራል። ማሽኑ ሲጠፋ ግን ይረሳዋል። እንዲጸና ከፈለጋችሁ ትእዛዙን /ኢቲሲ/አርሲ.ሎካል ውስጥ ጻፉት።

ወደ ሊኑክስ ስንመጣ ከርነሉን በእጁ ለሚገነባ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። ሜኑኮንፊግ በሚባለው የከርነል መምረጫ ሜኑ ውስጥ «ፓራለል ፖርት ሰፖርት» የሚለውን ታገኛላችሁ፣ ከሥሩ የፒሲ ሃርድዌር የሚለውንም ትመርጣላችሁ። ጨረስኩ ብላችሁ ትወጣላችሁ። አልጨረሳችሁም። ያ ታችኛውና መሐለኛው ንብርብር ብቻ ነው። ላይኛው፣ «ፓራለል ፕሪንተር ሰፖርት» የሚለው፣ ያለው ሌላ ሜኑ ውስጥ ነው፤ ካራክተር ዲቫይስስ ከሚለው ሥር። እሱን የዘለለ ሰው ሎጉ ላይ ፓርፖርት0 ተገኘ የሚል ያያል፣ ኤልፒ0 የሚል ግን የትም የለም።

የተዘጋጀ ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ሦስቱም በሞጁል መልክ፣ ማለትም ሲፈለጉ ከርነሉ ላይ የሚጫኑ ቁርጥራጮች ሆነው፣ አሉ። «ሞድፕሮብ ኤልፒ» ብሎ ማስነሣት በቂ ሊሆን ይችላል። አድራሻና ኢንተራፕት መንገር ካስፈለገ /ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ ውስጥ አንድ ፋይል ፈጥራችሁ ይህን ትጽፋላችሁ፦

ኦፕሽንስ ፓርፖርት_ፒሲ አይኦ=0ኤክስ378 አይአርኪው=7

በ7 ፈንታ «ነን» ካላችሁ ፖሊንግ ነው፤ «ኦቶ» ካላችሁ ራሱ ይፈልጋል። ድራይቨሩ በሞጁል ሳይሆን ከርነሉ ውስጥ ተጋግሮ ከገባ ደግሞ ይኸው መረጃ በቡት መስመር ይሰጣል፦ ፓርፖርት=0ኤክስ378,7።

ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውን ዲመስግ፣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ትእዛዝ፣ ይነግራችኋል። ሁለት መስመር ፈልጉ። አንዱ ፓርፖርት0 በስንት አድራሻ እንደተገኘ የሚናገረው ነው፤ በቅንፍ ውስጥ የሚችላቸውን ሞዶች ይዘረዝራል። ሌላው ኤልፒ0 ፓርፖርት0ን እየተጠቀመ መሆኑን ይናገርና ጫፉ ላይ «ፖሊንግ» ወይም «ኢንተራፕት ድሪቨን» ይላል። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ከብዙ ግምት ታድናለች። /ፕሮክ/ሲስ/ዴቭ/ፓርፖርት/ፓርፖርት0 የሚለው ማውጫ ውስጥ ደግሞ ኦቶፕሮብ የሚባል ፋይል አለ። ፕሪንተሩ መልስ መስጠት የሚያውቅ ከሆነ የሠሪውንና የሞዴሉን ስም እዚያ ታነቡታላችሁ። ቅድም «ከርነሉ ምንም አያውቅም» ያልኩት በትንሹ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ስሙን ያውቃል፤ ግን ከስሙ የሚያደርገው ነገር የለም።

ስለ ሞድ ጥቂት

እስካሁን ያወራነው ባይት በባይት የሚሄደውን የድሮውን መንገድ ነው። በ1994 አይትሪፕልኢ 1284 የሚባል ስታንዳርድ ወጥቶ ሌሎች ሞዶችን አንድ ላይ ደነገገ። ዋናዎቹ ኢፒፒ እና ኢሲፒ ናቸው። ድሮ ድራይቨሩ በእጁ የሚሠራውን የስትሮብና የመልስ ልውውጥ፣ በእነዚህ ሞዶች ቺፑ ራሱ ይሠራዋል። ፍጥነቱም በሰከንድ ከ150 ኪሎባይት አካባቢ ወደ 2 ሜጋባይት አካባቢ ያድጋል። ኢሲፒ ከዚህ አልፎ መጠባበቂያ ማስቀመጫና ዲኤምኤ (ዳታውን ያለ ሲፒዩው እገዛ የሚያመላልስ ዘዴ) ይጠቀማል፤ የዲኤምኤው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 3 ነው።

ሞዱ የሚመረጠው ባዮስ ውስጥ ነው። ከርነሉ ቢጠይቅም ባዮሱ የዘጋውን ሞድ ሁልጊዜ መክፈት አይችልም። ኮንፊጉን አሥር ጊዜ ብትነካኩት ውጤት ካጣችሁ ማሽኑን አስነሥታችሁ ባዮሱን እዩ። ፖርቱ ጭራሽ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። አሮጌ ፕሪንተር ካላችሁ ተራውን ሞድ ምረጡ። መርፌው ወረቀቱን ከሚመታበት ፍጥነት በላይ ባይት ብታጎርፉለት ምንም አይጠቅመውም።

እንሞክረው

ካፕስን ለጊዜው እርሱት። ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆናችሁ ወይም ኤልፒ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ገብታችሁ አንድ ቃል ቀጥታ ወደ ፖርቱ ላኩ፦ ኤኮ ብላችሁ ቃሉን፣ ከዚያ የይበልጣል ምልክቱን (>)፣ ከዚያ /ዴቭ/ኤልፒ0። ፍሪቢኤስዲ ላይ /ዴቭ/ኤልፒቲ0 ይሆናል።

ቃሉ ከወጣ የከርነሉ ሥራ አልቋል። ካልወጣ ግን ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ሌዘር ፕሪንተር ገጹ እስኪሞላ ወይም «ገጹን አውጣ» የሚለው ምልክት እስኪደርሰው ይይዘዋል። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ ባይቱ ደርሷል ማለት ነው። ፖስትስክሪፕት ብቻ የሚያውቅ ፕሪንተር ደግሞ ተራ ቃል ስትልኩለት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ብዙ መስመር ልካችሁ ጽሑፉ እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየወረደ ከሄደ አትደንግጡ። ዩኒክስ መስመር ሲጨርስ «ወደታች ውረድ» ብቻ ይላል። ፕሪንተሩ «ወደ ግራ ተመለስ» የሚል ሁለተኛ ትእዛዝም ይጠብቃል። ይህ ሰነዱን የሚያዘጋጀው የፊልተር ፕሮግራም ሥራ እንጂ የድራይቨር አይደለም።

ትእዛዙ «ቦታ የለም» የሚል ስህተት ከመለሰላችሁ ሃርድ ዲስካችሁን አታጽዱ። ወረቀት አልቋል። ሊኑክስ ወረቀት ማለቁን የሚያሳውቅበት የራሱ የስህተት ቁጥር ስለሌለው፣ ዲስክ ሲሞላ የሚሰጠውን ቁጥር ይመልሳል። ሲያስቡት አልተሳሳተም፤ ወረቀቱም ሞልቷል።

በዩኤስቢ መቀየሪያ የሰካችሁ ከሆነ ከላይ ያለው አብዛኛው አይመለከታችሁም። እዚያ አድራሻም፣ ሰባት ቁጥር ኢንተራፕትም የለም። ስሙ /ዴቭ/ዩኤስቢ/ኤልፒ0 ይሆናል፣ ድራይቨሩም ዩኤስቢኤልፒ ነው። ፓርፖርት_ፒሲን ስትጎረጉሩ ብትውሉ አታገኙትም።

አንድ ምርጫ ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ። የሊኑክስ ኮንፊግ ውስጥ፣ ከፓራለል ፕሪንተሩ ሥር፣ የከርነሉን የራሱን መልእክቶች በፕሪንተር የሚያወጣ ምርጫ አለ። ማሽኑ ሲወድቅ የመጨረሻ ቃሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሲሰሙት ያጓጓል። ግን ወረቀት ካለቀ፣ ፕሪንተሩ ከጠፋ ወይም ኬብሉ ከተነቀለ ከርነሉ መልእክቱን አይጥልም። ማሽኑን እንዳለ አቁሞ፣ ሰው መጥቶ ወረቀት እስኪጨምር ይጠብቃል።